የፕራዶ 120 የፊት እግር ሲታደስ፦ ጎሚኒ፣ አርምና ካም ብሎን

መኪናው ቶዮታ ላንድክሩዘር ፕራዶ 120 ነው፤ 3.0 ሊትር ናፍጣ፣ አውቶማቲክ ማርሽ፣ መሪው በግራ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የተመረተው ሞዴል ማለት ነው። የፊት እግሩ በእያንዳንዱ ጎን የላይና የታች አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ የብረት ክንድ) አለው፤ ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ታስረው የታች አርሙ ላይ ያርፋሉ። ሂሉክስ ቪጎ ላይ የሚሠራ ሰውም አብዛኛውን አካሄድ ሊጠቀምበት ይችላል። ዕቃው ግን በሻንሲ ቁጥር ይጣራ እንጂ «ያው ነው» ተብሎ አይገዛም።

አቤቱታው፦ ኮብልስቶን ላይ ገጭ ገጭ ይላል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ ይስባል፤ የፊት ጎማዎቹ በውስጥ በኩል ይበላሉ። አሞርዛተሩ ከዚህ በፊት ተቀይሮለታል፤ ድምፁ አልጠፋም። እግር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ የሚከሰሰው አሞርዛተር ስለሆነ ይህ የተለመደ ነው። አሞርዛተር ሲሞት መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ይወዛወዛል እንጂ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን አይሄድም። ፍሬኑ ራሱ ጤነኛ ሆኖ መሳብ ካለ፣ መጀመሪያ የሚታየው የታች አርም የኋላ ጎሚኒ (አርሙ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት የላስቲክ ማያያዣ) ነው።

ምርመራ

መኪናው መሬት ላይ እንዳለ አንድ ሰው ፍሬን ይዞ ማርሹን ከዲ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ ይቀያይራል። ሌላው ከጎን ቆሞ በጎማው ቅስት ውስጥ የታች አርሙን ያያል። ከመኪናው ፊት ወይም ሥር ማንም አይሆንም። የቀኙ አርም የኋላ ጫፍ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ከሻንሲው ጆሮ አንጻር ሲንሸራተት በዓይን ይታያል። የግራውም ይሄዳል፣ ግን ያነሰ።

ከዚያ መኪናው ተነሥቶ በሌቫ (መፈልቀቂያ ብረት) ተፈተሸ። ጎሚኒ ላስቲክ ነውና ትንሽ መንቀሳቀስ ሥራው ነው። ያለቀ የሚባለው ላስቲኩ ከብረት ቱቦው ሲላቀቅ ነው፦ ሌቫው ሲለቀቅ አርሙ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ ወይም ብረት ከብረት ሲመታ ከተሰማ። ላዩ ላይ የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ ብቻውን ጎሚኒ አያስጥልም። ብዙ ደህና ጎሚኒ በዚህ ስንጥቅ ምክንያት ተጥሏል።

የተገኘው እንዲህ ነው። የታች አርም የኋላ ጎሚኒዎች ሁለቱም አልቀዋል፤ የቀኙ ከቱቦው ሙሉ በሙሉ ተላቋል። የፊተኞቹ ደርቀዋል። የላይ አርም ጎሚኒዎች ወደ አንድ ጎን ተቀምጠዋል፤ የግራው የላይ ቦል ጆይንት (አርሙን ጎማውን ከተሸከመው ብረት ጋር የሚያያይዝ ኳስ መገጣጠሚያ) የላስቲክ ልብሱ ተቀዶ አሸዋ ገብቶበታል። የቀኙ የታች ቦል ጆይንት ይነቃነቃል። የኋለኛው ጎሚኒ ቀድሞ የሚያልቀው ፍሬን ሲያዝና ጎማው ድንጋይ ሲመታ አብዛኛውን ጉልበት እሱ ስለሚቀበል ነው።

ሁለት ነገሮች ከጎሚኒ ጋር ይምታታሉ። አንዱ የጎማ ኩሽኔታ ነው፦ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ልልነት ካለ፣ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥና እንደገና ይነቅነቅ። ልልነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ወይም አርም ነው። ሌላው የመሪ ራክ ጎሚኒ ነው፦ መሪው ግራ ቀኝ ሲወዘወዝ ራኩ ራሱ ሻንሲው ላይ ከተንሸራተተ፣ አርሙን ሁሉ ቀይሮ መሪው አሁንም እየዋለለ ይቀራል። እዚህ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ዕቃ

ውሳኔው፦ የታች አርሞቹ ራሳቸው ይቆያሉ፣ ጎሚኒያቸው ብቻ በፕሬስ ይቀየራል። የላይ አርሞቹ ግን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተካሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፋብሪካው የታች አርም ወፍራም ብረት ነው፤ ካልተጣመመና የጎሚኒ ቤቱ ካልሞለለ (ክብነቱን ካላጣ) በስተቀር በርካሽ ኮፒ አርም መቀየር ኪሳራ ነው። ርካሹ አርም ይዞት የሚመጣው ጎሚኒ ራሱ ቶሎ ይላቀቃል። የላይ አርም ላይ ቦል ጆይንቱ አርሙ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ሁለት ጎሚኒና አንድ ጆይንት ለየብቻ ገዝቶ ለፕሬስ ከመክፈል ሙሉውን መግዛት ይሻላል።

የተዘጋጀው፦ የታች አርም ጎሚኒ 4 (2 የፊት፣ 2 የኋላ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም)፤ የላይ አርም ከነጆይንቱ 2፤ የታች ቦል ጆይንት 2፤ ካም ብሎን (ሲዞር አርሙን የሚያንቀሳቅስ፣ አላይመንት የሚስተካከልበት ብሎን) ከነካም ሳህኑና ዳዶው 4 ስብስብ፤ የስታቢላይዘር (መኪናው ወደ ጎን እንዳይጋደል የሚይዝ ዘንግ) ጎሚኒ 2 እና ሊንክ 2፤ አዲስ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዝ ሽቦ) ለሁሉም ጆይንት። ካም ብሎኑን «አሮጌው ይወጣል» ብሎ ሳይገዙ መጀመር መኪናውን ክሪክ ላይ እንደተሰቀለ ትቶ ገበያ መሄድ ነው።

ጎሚኒ ሲገዛ ካሊፐር ይዞ መሄድ ያዋጣል። የሚለካው የውጭ ቱቦው ዲያሜትርና የውስጥ ቱቦው ርዝመት ነው። የውስጥ ቱቦው ካጠረ ዳዶው ሲጠብቅ የሻንሲው ጆሮ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ አላይመንትም አይይዝም። ካርቶኑ ላይ የታተመ ስም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት ዙሪያ በጥፍር ሲገፋ ክፍተት ካሳየ አይወሰድም።

ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና ዕቃ ገበያ) የሚገኝ ያገለገለ አርም መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ የአርሙ ብረት ብቻ እስከተፈለገ ድረስ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ከአሮጌው አጠገብ አስቀምጦ ሦስቱን ቀዳዳዎች ማነጻጸር፣ የተበየደ ካለ መተው ነው። ያገለገለ ጎሚኒ ግን አይገጠምም።

ፖሊዩሬቴን ጎሚኒን በተመለከተ፦ ለአስፋልትና ለውድድር ጥሩ ነው። አቧራና ጭቃ ለሚውል መኪና ግን በራሱ የሲሊከን ግሪስ በየጊዜው ካልተቀባ ይጮኻል፤ አሸዋ ሲገባበት ደግሞ የውስጥ ቱቦውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። እዚህ የተመረጠው የፋብሪካው ዓይነት ላስቲክ ነው።

ከመነሳቱ በፊት

መኪናው ከመሬት ሳይነሳ ሁለት ነገር ይደረጋል። የመጀመሪያው ልኬት ነው፦ ከጎማው መሃል እስከ ፋንጋው (ከጎማው በላይ ያለው የቦዲ ቅስት) ጠርዝ ቀጥ ብሎ ያለው ርቀት። በግራ 505፣ በቀኝ 510 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተጻፈ። ይህ ቁጥር የመጨረሻው ማጥበቅ ላይ ያስፈልጋል፤ መኪናው ከተሰቀለ በኋላ ልኬቱን ማግኘት አይቻልም። ሁለተኛው አራቱን የካም ሳህኖች በነጭ ቀለም ሻንሲው ላይ ካለው መስመር ጋር ማመልከት ነው። ምልክቱ አላይመንት አይተካም፤ መኪናው በራሱ ተነድቶ አላይመንት ቤት እንዲደርስ ያደርጋል።

ዝገት ማላቀቂያው ማታውኑ በካም ብሎኖቹ ሁለት ጫፍ ተረጨ። ያደረ ስፕሬይ ከመዶሻ ይበልጣል።

መፍታት

የኋላ ጎማዎች በታኮ ተያዙ፤ ፊቱ በሁለቱም ጎን እኩል ተነሥቶ ሻንሲው ማቆሚያ ላይ አረፈ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልተነሡ ስታቢላይዘሩ ተጠምዝዞ ስለሚቆይ ሊንኩ ሲፈታ ይመታል።

ቅደም ተከተሉ፦ ጎማ፤ የኤቢኤስ ሽቦው ከላይ አርሙና ከናክሉ (ጎማውን የተሸከመው ብረት) ማያዣዎቹ፤ የስታቢላይዘር ሊንኮች በሁለቱም ጎን፤ የመሪ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ)፤ የታች ቦል ጆይንቱን ከናክሉ ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች፤ የአሞርዛተሩ የታች ብሎን፤ በመጨረሻ የላዩ ሦስት ዳዶ። አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ ሆነው ይወጣሉ። መሃል ላይ ያለው ዳዶ አይነካም። እሱ የተጨመቀውን ሞላ የያዘ ነው፤ ያለ ሞላ መጨመቂያ ከተፈታ ሰው ይገድላል።

ቴስቲናና ጆይንት ሲላቀቅ ዳዶው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ጥቂት ጥርስ ላይ ይቀመጥና ሾጣጣው የገባበት የብረት ቤት በጎኑ በመዶሻ ይመታል። ብሎኑን ከጫፉ መምታት ጥርሱን ያበላሻል። ሹካ መሰሉ መላቀቂያ ፈጣን ነው፣ ግን የላስቲክ ልብሱን ይቀድዳል፤ ለሚጣል ጆይንት ብቻ ይሁን።

ናክሉ አሁን የላይ አርሙ ላይ ተንጠልጥሏል። ወዲያው በሽቦ ወይም በገመድ ይታሰራል። ወደ ውጭ ከወደቀ የፊት አክስሉ ሲቪ ጆይንት ከልኩ በላይ ይዘረጋና ይወጣል፤ የፍሬን ቱቦውም ክብደት ይሸከማል። የፍሬን ካሊፐሩ አይፈታም፣ ስለዚህ አየር ማስወጣት የሚባል ተጨማሪ ሥራ የለም።

ካም ብሎን

የዚህ ሥራ ጊዜ የሚያልቀው እዚህ ነው። አራት ካም ብሎኖች አሉ፤ ሦስቱ በቁልፍ ወጡ፣ የቀኙ የኋላ አልወጣም። ብሎኑ ከጎሚኒው የውስጥ ብረት ቱቦ ጋር በዝገት ተጣብቋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዳዶው ተፈትቶ የብሎኑ ራስ ሲዞር ትንሽ ይሄድና እንደ ሞላ ይመለሳል። የሚዞረው ብሎኑ ሳይሆን ላስቲኩ ነው። እንዲህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት አላይመንት ያልተሠራለት፣ ብሎኑ ከቦታው ንቅንቅ ያላለ መኪና ላይ ነው።

እዚህ ላይ በአየር ሽጉጥ መደብደብ ትልቁ ጥፋት ነው። የካሙ ሳህን በሻንሲው ላይ ባሉት ሁለት ትናንሽ የብረት ከንፈሮች መካከል ነው የሚዞረው፤ በጉልበት ሲዞር ከንፈሮቹን ያጣምማል ወይም ይገነጥላል። ብሎን ይገዛል፤ የሻንሲ ከንፈር ግን በብየዳ ካልሆነ አይመለስም።

የተሞከረው በቅደም ተከተል፦ ዳዶው ጫፉ ላይ ተመልሶ ገብቶ በመዶሻ በቀጥታ መምታት፤ አልሄደም። ቱቦውን በእሳት ማሞቅ፤ ላስቲኩ ከመጨሱ በቀር አልሄደም። የላስቲኩ ጭስ መርዛማ ነው፣ የፍሬን ቱቦውም ቅርብ ነው፤ ስለዚህ እሳቱ አልተራዘመም። መጨረሻው መቁረጥ ሆነ። በጎሚኒውና በሻንሲው ጆሮ መካከል በሁለቱም ጎን ጠባብ ክፍተት አለ። ቀጭን ዲስክ ያለው ግራይንደር ከፊሉን ይደርሳል፤ ቀሪውን በረጅም ምላጭ የኤሌክትሪክ መጋዝ መጨረስ ይቻላል። ምላጩ የሚደገፈው በጎሚኒው በኩል ነው፤ ጎሚኒው ተጣይ ነውና ቢነካ ግድ የለም፣ የሻንሲው ጆሮ ግን መቧጨር የለበትም። ሁለቱም ጎን ሲቆረጥ አርሙ ከተረፈው ብሎን ጋር ወረደ።

የፊተኛው ካም ብሎን ደግሞ ሌላ ችግር አለው፦ ወደ ውጭ ሲሳብ ከመሪ ራኩ ጋር ይጋጫል። የራኩን ማሰሪያ ብሎኖች ፈትቶ ራኩን ገፋ ማድረግ ይበቃል፤ የዘይት ቱቦዎቹ አይፈቱም፣ አይጠመዘዙምም።

አርሞቹ ከወረዱ በኋላ የሻንሲው ጆሮዎች በብረት ብሩሽ ተጠርገው ስንጥቅ ተፈለገ። የለም። ከቆሻሻ ሥር የተደበቀ ስንጥቅ ካለ መበየድ የሚገባው አሁን ነው።

ፕሬስ

አሮጌው ጎሚኒ ከመውጣቱ በፊት አቀማመጡ ምልክት ይደረግበታል፦ ከየትኛው ጎን እንደገባ፣ ምን ያህል እንደወጣ፣ ላስቲኩ ላይ ባዶ ቦታ ካለ ወደየት እንደሚያይ። ባዶው ቦታ ያለ ምክንያት የተተወ አይደለም፤ አርሙ በአንድ አቅጣጫ እንዲለሰልስ፣ በሌላው እንዲጠነክር ነው። ዞሮ ከተገጠመ ጎሚኒው አዲስ ሆኖ መኪናው ይንኳኳል።

20 ቶን ፕሬስ ላይ ሦስቱ በቀላሉ ወጡ። የሚገፋው ቱቦ ከጎሚኒው የውጭ ብረት ዲያሜትር በጥቂቱ ያነሰ፣ ከሥር የሚቀበለው ደግሞ የሚበልጥ ይሁን። አርሙ በጎሚኒ ቤቱ ዙሪያ ሙሉ ድጋፍ ማግኘት አለበት። በጠርዙ ብቻ ከተደገፈ ቤቱ ይሞልላል፤ የሞለለ ቤት አዲስ ጎሚኒ አይይዝም። አንዱ ሲወጣ የውጭ ቱቦው ውስጥ ቀረ። በሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ከውስጥ ተሰንጥቆ ወጣ፤ መጋዙ ቱቦውን ጨርሶ የአርሙን ብረት ከመንካቱ በፊት ይቆማል፣ ቀሪውን ጠፍጣፋ ምስማር ወደ ውስጥ ያጥፈዋል።

አዲሱ ሲገባ የሚቀባው የሳሙና ውኃ ነው። ግሪስና የሞተር ዘይት ላስቲክን ያሳብጣሉ። አዲሶቹ ጎሚኒዎች ፍሪጅ ውስጥ ካደሩ ትንሽ ስለሚኮማተሩ መግባቱ ይቀላል። የሚገፋው የውጭ ቱቦው ብቻ ነው፤ በውስጥ ቱቦው ወይም በላስቲኩ ላይ የተገፋ ጎሚኒ ሳይገጠም ተላቋል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ካጋደለ ወዲያው ቆም ብሎ ማስተካከል እንጂ «ሲገባ ይቃናል» አይባልም። አይቃናም።

መግጠም

ካም ብሎኖቹ ላይ፣ የውስጥ ቱቦው ውስጥ በሚያርፈው ለስላሳ ክፍል ብቻ፣ ቀጭን የፀረ ዝገት ቅባት ተቀባ፤ ጥርሱ ደረቅ ቀረ። ጥርስ ሲቀባ ቶርክ ቁልፉ (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ከሚያሳየው በላይ ይጠብቃል። አርሙ ገባ፣ ካሞቹ በነጩ ምልክት ላይ ቆሙ፣ ዳዶዎቹ በእጅ ብቻ ተያዙ።

የላይ አርም ረጅሙ ብሎን በግራ በኩል ከቦዲው የውስጥ ቆርቆሮ ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ጠርዙን በጥንቃቄ ጥቂት ማጠፍ ያስወጣዋል፤ ከኋላው ሽቦ እንደሌለ አስቀድሞ ይታያል። አዲሱ አርም ሲገባ ሮንዴላዎቹ አሮጌው ላይ በነበሩበት ቅደም ተከተል መመለስ አለባቸው።

ወዲያው እስከ መጨረሻው የሚጠብቁት የማይጠመዘዙት ናቸው፦ የታች ቦል ጆይንት ከናክሉ ጋር ያሉት ሁለት ብሎኖች 160 ኒውተን ሜትር፣ የታች ጆይንቱ ዳዶ 140፣ የላይ ጆይንቱ ዳዶ 110። ዳዶው ቁጥሩ ላይ ደርሶ የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ፊት ይጨመራል፣ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ያ ጆይንቱን ሾጣጣው ላይ ያላላዋል።

ማጥበቅ

አርሙን ከሻንሲ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ግን መኪናው ተንጠልጥሎ እያለ አይጠብቁም። አብዛኛው «አዲስ ጎሚኒ አስገብቼ በወራት ውስጥ ተላቀቀ» የሚባለው ከዚህ ይመጣል፤ ጎሚኒው ይወቀሳል እንጂ።

ጎሚኒው ኩሽኔታ አይደለም፣ ብሎኑ ላይ አይዞርም። ዳዶው ሲጠብቅ የውስጥ ቱቦው በሻንሲው ጆሮዎች መካከል ተነክሶ ይያዛል፤ አርሙ ሲወጣና ሲወርድ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ «ልኬ ይህ ነው» ብሎ የሚይዘው አርሙ ታች በወረደበት ነው። መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ቆሞም ይጠመዘዛል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሄድና ይቀደዳል። መኪናውም ከፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ አንዱ ጎን ከሌላው ይለያል።

ስለዚህ ጎማዎቹ ገብተው (ዳዶአቸው 112 ኒውተን ሜትር) መኪናው ጉድጓድ ያለው ማቆሚያ ላይ በራሱ ክብደት ወረደ፤ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተነዳ፣ አፍንጫው ተጫነ። ርቀቱ ተለካ፦ በግራም በቀኝም ከመነሻው በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ። ከዚያ ከሥር ሆኖ የታች ካም ዳዶዎች 135፣ የላይ አርም ዳዶዎች 115 ኒውተን ሜትር ጠበቁ። በኪሎ ግራም ሜትር የሚያነብ ቶርክ ቁልፍ ለያዘ፣ 135 ወደ 13.8፣ 115 ወደ 11.7 ነው። ጉድጓድ ከሌለ፣ ሻንሲው ማቆሚያው ላይ እንዳለ ክሪክ ከታች ቦል ጆይንቱ ሥር ገብቶ ከጎማው መሃል እስከ ፋንጋ ያለው ርቀት 505 እና 510 እስኪሆን ይነሣል፣ ያኔ ይጠብቃል። መኪናው ከማቆሚያው መነሳት ከጀመረ ይቆማል። እያንዳንዱ የጠበቀ ዳዶ በቀለም መስመር ተሰመረበት።

አላይመንት

ካሞቹ ሁለት ሥራ አላቸው። የፊቱና የኋላው ካም በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ጎማው ይጋደላል ወይም ይቆማል፤ ያ ካምበር ነው። የፊቱ ወደ ውስጥ፣ የኋላው ወደ ውጭ ሲሄድ የታች ጆይንቱ ወደ ፊት ይመጣና ካስተሩ (ከጎን ሲታይ ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ) ይጨምራል። ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ ብቻ ነው ቶው (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየታቸው) በቴስቲና ዘንጎቹ የሚሠራው፤ ካም በተነካ ቁጥር ቶው ይለወጣልና። «ቶውን ብቻ እንሠራዋለን» የሚል ቤት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በግራና በቀኝ ካስተር መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ እንዳይበልጥ ተጠየቀ። መኪና ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ይስባል፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር መንገዱ ወደ ቀኝ ስለሚዘነብል የግራው ጥቂት ቢያንስ ጥሩ ነው። አላይመንት ባለሙያው ካሙን ለማዞር ያላላቸውን ዳዶዎች ተመልሶ 135 ላይ በቶርክ ቁልፍ ማጥበቁ መታየት አለበት፤ በዚያን ሰዓት መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ ስለሆነ የጎሚኒው ልክ አይበላሽም።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

የቀለሙ መስመሮች አልተንቀሳቀሱም። ፍሬን ላይ መሳቡ የለም። ኮብልስቶን ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ቀርቶ ነበር፤ ምንጩ የስታቢላይዘር ሊንክ ዳዶ ሆኖ ጠበቀ። የጆይንቶቹ ልብሶች ደረቅ ናቸው፤ የኤቢኤስ ሽቦው መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር አይወጠርም፣ ጎማም አይነካም።

የኋላው

የኋላ አክስሉ ላይ የላይ አርም 2፣ የታች አርም 2፣ አግድም ዘንግ 1 አለ፤ በሁለቱም ጫፍ ጎሚኒ ስላላቸው በድምሩ 10 ነው። ሥራው ከፊቱ ይቀላል፣ አላይመንትም የለውም። አንድ አርም ብቻ እየተፈታ እየተገጠመ ይሄዳል፤ ሁለት አንድ ላይ ከተፈቱ አክስሉ ይዞርና ቀዳዳዎቹን መልሶ ማጋጠም ትግል ይሆናል። ኋላው የአየር ሞላ ያለው ፕራዶ ከሆነ የከፍታ መቆጣጠሪያው ሳይጠፋ አይነሣም። መጨረሻ የሚጠብቀው እዚህም መኪናው በራሱ ክብደት ቆሞ ነው፤ አግድም ዘንጉ ደግሞ ከሁሉም በኋላ።